የአማርኛ ሰዋስው ሙያዊ ቃላት

የአማርኛ ሰዋስው የሚጠቀምባቸው ሙያዊ ቃላት አብዛኞቹ ከግእዝ የቅኔና የአገባብ ትምህርት የተወረሱ ሲሆኑ፣ የቀሩት ዘመናዊው የሥነ ልሳን ጥናት በዩኒቨርሲቲ ከተስፋፋ ወዲህ የተጨመሩ ናቸው። ሰዋስው የሚለው ስም ራሱ በግእዝ መሰላል ማለት ነው።

አንባቢን በብዛት የሚያሳስቱት እንግዳ የሆኑት ቃላት ሳይሆኑ የተለመዱት ናቸው። አንቀጽ በግእዝ በር ነው፤ በሕግ መጽሐፍ የድንጋጌ ክፍል፣ በድርሰት የዐረፍተ ነገሮች ስብስብ፣ በነባሩ ሰዋስው ደግሞ ግስ ማለት ስለሆነ፣ «ማሰሪያ አንቀጽ» ሲባል ዐረፍተ ነገሩን የሚዘጋው ግስ መሆኑን ማወቅ ያስፈልጋል። ቦዝ አንቀጽ በአንጻሩ ስሙ ጠባዩን ይናገራል። ቦዝ ሥራ ፈት ነውና፣ «ልጁ ምሳውን በልቶ» ብሎ ያቆመ ሰው አድማጩን አንጠልጥሎ ይተወዋል፤ «ተኛ» ሲል ወይም በልቶን «በልቷል» ሲያደርገው ነገሩ ይታሰራል። ለዚህ ቅርጽ ከዚህ የተሻለ ስም ማግኘት ይቸግራል።

ባለቤት የሚለው ቃል ግን እንዲህ አይገራም። በትምህርት ቤት «ድርጊቱን የሚፈጽመው» እየተባለ ይተረጎማል፤ ይህ ፍቺ «ውሻው ልጁን ነከሰው» በሚለው ላይ ቢሠራም፣ «መስኮቱ ተሰበረ» ላይ ሲደርስ ይሰናከላል፤ መስኮቱ ምንም ሳያደርግ ባለቤት ሆኗልና። «ራበኝ» ደግሞ ይብሳል፦ የተራበው ተናጋሪው ሆኖ ሳለ፣ «ኝ» በ«መታኝ» ውስጥ እንዳለው ሁሉ የተሳቢ፣ ማለትም ድርጊቱ የሚያርፍበት፣ ምልክት ነው፤ ግሱ የሚስማማው ከሦስተኛ መደብ ነጠላ ወንድ («እሱ») ጋር ነው። ስለዚህ ባለቤትን በድርጊት ሳይሆን ግሱ በመደብ፣ በቁጥርና በጾታ ከማን ጋር እንደሚስማማ በማየት መለየት ይሻላል።

ምዕላድ ትርጉም ያለው የመጨረሻው ትንሽ የቋንቋ ክፍል ነው። «ከቤቶቻችን» በሚለው ቃል ውስጥ አራት ምዕላዶች አሉ፦ ከ፣ ቤት፣ ኦች እና ኣችን። ብቻውን ሊነገር የሚችለው ቤት ነፃ ምዕላድ ይባላል፤ ሌሎቹ ጥገኞች ናቸው። «ሰበረ»፣ «ሰባሪ» እና «ስብራት» የሚጋሩት ስ-ብ-ር የተባለው ሥር ግን ትርጉም ቢኖረውም አናባቢ ካልገባበት በአፍ አይነገርም።

ቃሉን የተጠቀመው ጸሐፊ የየትኛው ትምህርት ተከታይ እንደሆነ ማወቅም ግድ ይላል። ነባሩ ሰዋስው የንግግር ክፍሎችን ስምንት ሲያደርግ፣ የሥነ ልሳን ምሁሩ ባዬ ይማም በ1987 ዓ.ም. ባሳተሙት የሰዋስው መጽሐፍ ወደ አምስት አውርደዋቸዋል፤ በዚያ አከፋፈል ተውላጠ ስም ከስም ይመደባል፣ መስተጻምርም (እንደ «እና» ያለው አያያዥ) ራሱን የቻለ ክፍል ሳይሆን በመስተዋድድ (እንደ «ከ» እና «ወደ» ባሉት) ሥር ይገባል። በመሆኑም «መስተዋድድ» የሚለው ቃል በሁለቱ ዘንድ የሚሸፍነው ስፋት እኩል አይደለም።

ፊደልና ድምፅም እንደ አንድ ይቆጠራሉ። ሀ፣ ሐ እና ኀ በአማርኛ ሦስት ፊደላት ሆነው ድምፃቸው አንድ ነው፤ በተቃራኒው «አለ» ላልቶ «ተናገረ»፣ ጠብቆ «ይገኛል» ማለት ሲሆን፣ ፊደሉ ልዩነቱን አያሳይም።