ፎርሴፕስ ምንድን ነው? የጠበበ ዳሌ ማስፊያ አይደለም!

«ዳሌዋ ስለጠበበ በፎርሴፕስ ጎትተው ገላገሏት» የሚል ትንታኔ በዚህ ወር ብቻ ለስንተኛ ጊዜ እንደሰማሁ እንጃ። ተንታኙ «ብረቱ መንገዱን ይከፍተዋል» ብሎም አከለበት። ኧረ አይከፍትም! ፎርሴፕስ በምጥ ጊዜ የሕፃኑን ጭንቅላት ይዞ ለመሳብ የሚያገለግል፣ ሁለት ማንኪያ መሰል ብረቶች ያሉት መሣሪያ ነው። ዳሌ ከጠበበማ ፎርሴፕስ ጭራሽ አይነሳም።

ይህ ከታየ ቆይቷል። መሣሪያውን የሠሩት ቻምበርለኖች ከፈረንሳይ ወደ እንግሊዝ የተሰደዱ ቤተሰብ ናቸው፤ ከመቶ ዓመት በላይ ደብቀው እንጀራ በሉበት። እ.ኤ.አ. በ1670 ሂዩ ቻምበርለን ምስጢሩን ሊሸጥ ፓሪስ ወረደ። ስመ ጥሩው ሐኪም ፍራንሷ ሞሪሶም በጣም አጭር፣ ዳሌዋ የተጣመመ፣ ምጥ ለቀናት የጠናባትን ሴት አሳየው። በደቂቃዎች እገላግላታለሁ ብሎ ፎክሮ የገባው ሰውዬ ከሦስት ሰዓት ትግል በኋላ ባዶ እጁን ወጣ። ሴትየዋ ሳትገላገል በማግስቱ ሞተች።

ቁም ሣጥን በበር ስታስወጡ አስቡት። ፎርሴፕስ መያዣው ነው። ጥሩ መያዣ ካላችሁ ታዞሩታላችሁ፣ ታጋድሙታላችሁ፣ ኮሪደሩ ሲታጠፍም አብራችሁ ትታጠፋላችሁ። የፈረንሳዩ አዋላጅ ሐኪም ሌቭሬ በ1740ዎቹ ብረቱን ወደ ላይ ያጎበጠው ለዚሁ ነው፤ የዳሌ መንገድ ቀጥ ያለ አይደለምና። በሩ ከጠበበ ግን አሥር ጎረምሳ ቢጎትት ወይ ሣጥኑ ይሰበራል ወይ መቃኑ ይገነጠላል። እርግጥ የሕፃን የራስ ቅል አጥንቶች በምጥ ጊዜ ትንሽ ይደራረባሉ፣ እናትም ከውስጥ ታምጣለች፤ ቁም ሣጥን ይህን አያውቅም።

ብረቶቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፣ በሕፃኑ ጉንጮች ላይ ያርፋሉ፣ ከዚያ እጀታቸው ይቆለፋል። በእጅ አልቆለፍ ካሉ አቀማመጣቸው ተሳስቷል ማለት ነውና አውጥቶ እንደገና ማየት እንጂ መጫን የለም። የሚሳበው ምጥ ሲመጣ ነው። የማህፀን በር ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት፣ ጭንቅላቱ ዳሌ ውስጥ በደንብ ሳይወርድ፣ ፊቱ ወዴት እንደዞረ ሳይታወቅ አይሞከርም። የሽንት ፊኛም ባዶ ይሁን፤ ይህን የሚረሳ አለ።

«ታዲያ ሁሉንም በኦፕራሲዮን አይገላገሉም?» ለሚለውም፦ ጭንቅላቱ በጣም ከወረደ በኋላ ሆድ ተከፍቶ ሕፃኑን ወደ ላይ ማውጣት ቀላል አይደለም፤ አንዳንዴ ሌላ ሰው ከታች መግፋት አለበት፣ ማህፀኑም ሊቀደድ ይችላል። ቫኪዩምም (ጭንቅላቱን በመምጠጥ ይዞ የሚስበው መሣሪያ) ቢሆን ከ34 ሳምንት እርግዝና በታች ላለ ሕፃን አይመከርም።