ለአዲስ የመኪና ኤሲ ዘይት ሲጨመር፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ላይ የተገጠመ ኤሲ እውነተኛ ፈተናው ባቲን አልፎ ወደ ሚሌ ሲወረድ ነው። ሙቀቱ ሲበረታ ቀዝቃዛ አየር ይጠፋል፣ ወይም ጋዙን የሚያምቀው ኮምፕሬሰር እየጮኸ ይቆማል፤ ሹፌሩም ዕቃውን «ፎርጅድ ነው» ብሎ ይረግማል። ብዙ ጊዜ ግን ጥፋቱ የተሠራው በተገጠመበት ቀን፣ ዘይቱ ሲጨመር ነው። ስለ ኤሲ ዘይት በየጋራዡ እንደ እውነት የሚነገሩ አባባሎች ብዙ ገንዘብ እያስወጡ ነውና አንድ በአንድ እንያቸው።

«አዲስ ኮምፕሬሰር ዘይቱን ይዞ ይመጣል፤ ምንም አይጨመርም።»

ይህ አንዳንዴ ብቻ እውነት ነው። ብዙዎቹ ሙሉ ዘይት ይዘው ይመጣሉ፤ ለማጓጓዣ ብቻ ጥቂት የተደረገባቸው፣ ጭራሽ ባዶ የሆኑም አሉ። በካርቶኑ ወይም በተለጠፈው ወረቀት ላይ ካልተጻፈ አፍስሶ መለካት ነው።

ከዚያ የሚቀጥለው ጥያቄ ዋናው ነው፦ የተቀየረው ኮምፕሬሰሩ ብቻ ነው ወይስ ሁሉም ክፍል? ዘይቱ አንድ ቦታ አይቀመጥም። ከጋዙ ጋር እየዞረ ሙቀቱን ወደ ውጭ በሚያስወጣው ኮንደንሰር፣ የመኪናውን አየር በሚያቀዘቅዘው ኢቫፖሬተር፣ እርጥበት በሚይዘው ማድረቂያና በቱቦዎቹ ውስጥ ይሰራጫል። ኮምፕሬሰሩ ብቻ ከተቀየረ የቀረው ዘይት እዚያው አለ። ስለዚህ የአሮጌው ኮምፕሬሰር ዘይት ተፈስሶ ይለካል፤ ለምሳሌ 60 ሚሊ ሊትር ከወጣና አዲሱ 130 ይዞ ከመጣ፣ 70ው ከአዲሱ መቀነስ አለበት። አሮጌው ኮምፕሬሰር ዘይት ያፈሰሰ ወይም ውስጡ ተሰባብሮ ብናኝ የረጨ ከሆነ ግን ይህ ስሌት አይሠራም፤ መስመሩ ታጥቦ ከዜሮ መጀመር ይኖርበታል። ሁሉም ክፍል አዲስ ሲሆን የሚሞላው አምራቹ ለጠቅላላው ሥርዓት የወሰነው መጠን ነው። ለብዙ የቤት መኪኖች ይህ ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሊትር ገደማ፣ ማለትም የሁለት ሲኒ ቡና ያህል ነው። በግምት ከጠርሙስ የሚንቆረቆር ነገር አይደለም።

«ዘይት ቢበዛ ይጠቅማል እንጂ አይጎዳም።»

ከሁሉም በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው፤ የሚሠራው ለመኪናው በማሰብ ነውና። የተረፈው ዘይት የኢቫፖሬተሩንና የኮንደንሰሩን ውስጠኛ ግድግዳ ይሸፍናል፤ ሙቀት እንደ ልብ አይተላለፍም፣ ግፊት ይጨምራል፣ ቅዝቃዜው ይደክማል። ያኔ «ጋዝ አንሶታል» ተብሎ ጋዝ ይጨመራል፤ ችግሩ ይብሳል። ፈሳሽ ደግሞ እንደ ጋዝ አይታመቅም፤ በብዛት ወደ ፒስተኑ ከገባ ቫልቭ ሊሰብር ይችላል። የሞተር ዘይት በመለኪያ ዘንግ ይታያል፤ በአብዛኛው መኪና ላይ የኤሲ ዘይት እንዲህ ያለ መመልከቻ የለውም። አንዴ ከበዛ ጋዙን አውጥቶ፣ ክፍሎቹን ፈቶ ማፍሰስ ግድ ነው። በዚህ ሥራ ላይ ባለ መስመር ሲሪንጅ ከየትኛውም ውድ መሣሪያ ይበልጣል።

«የኤሲ ዘይት ያው የኤሲ ዘይት ነው።»

አር 134ኤ የተባለውን ጋዝ ለሚጠቀሙ አብዛኞቹ የነዳጅ መኪኖች የሚሆነው ፓግ የሚባለው ዘይት ነው። በድሮው አር 12 የሚሠሩት የማዕድን ዘይት ይጠቀሙ ነበር፤ ያ ዘይት ከአር 134ኤ ጋር ስለማይዋሃድ በመስመሩ ላይ ይቀራል፣ ኮምፕሬሰሩም በድርቀት ይበላል። በፓግ ጠርሙሶች ላይ ያሉት 46፣ 100 እና 150 የውፍረት ቁጥሮች እንጂ የጥራት ደረጃ አይደሉም። የዴንሶ ኮምፕሬሰር ያላቸው ብዙ ቶዮታዎች ኤንዲ 8 የሚባለውን፣ ከፓግ 46 ጋር የሚመደበውን ዘይት ይፈልጋሉ። የሞተር ዘይትና የፍሬን ዘይት በዚህ ሥርዓት ውስጥ ቦታ የላቸውም።

ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚሻው የኤሌክትሪክ መኪና ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ እነዚህ መኪኖች በዝተዋል። የእነዚህና የብዙ ሃይብሪዶች ኮምፕሬሰር በከፍተኛ ቮልት የሚሽከረከር ሞተር በውስጡ አለው፤ ጠመዝማዛ ሽቦውም ከዘይቱ ጋር ይገናኛል። አብዛኞቹ የሚጠቀሙት ኤሌክትሪክ የማያስተላልፈውን ፒኦኢ የተባለ ዘይት ነው። ተራ ፓግ በትንሹም ቢቀላቀል የኤሌክትሪክ መከላከያው ይዳከማል፣ የመኪናው ኮምፒውተርም ኤሲውን ሊዘጋ ይችላል። በሌላ መኪና ላይ የዋለ፣ ዘይት የቀረበት ቱቦ እንኳ ጥፋቱን ሊያስከትል ይችላል። ለእነዚህ መኪኖች የተለየ ቱቦ የሌለው ጋራዥ ሥራውን ባይቀበል ይሻላል።

«ክዳኑ ካለ ጠርሙሱ ለከርሞም ይሆናል።»

ፓግ ከአየር ውስጥ እርጥበትን ይስባል፤ በክረምት ወራት ደግሞ ይብሳል። ትንሽ ጠርሙስ ገዝቶ በአንድ ሥራ መጨረስ ይመረጣል። የማድረቂያው ክዳንም መጨረሻ ላይ ነው የሚከፈተው።

«ቫኪዩም ሲሳብ ዘይቱ አብሮ ይወጣል።»

አይወጣም። ቫኪዩም ማለት ጋዝ ከመሞላቱ በፊት መስመሩን በፓምፕ ባዶ ማድረግ ነው፤ ፓምፑ የሚያወጣው አየርና እርጥበት ነው፤ ስለዚህ ዘይት ከቫኪዩም በፊት መጨመሩ ትክክል ነው። ዘይት የሚወጣው ጋዝ በፍጥነት ሲለቀቅ ነው፤ እንዲህ መልቀቁ በራሱ ነውር ነው።

ከዚሁ ጋር የሚያያዝ የአገራችን ጉዳይ አለ። ደሴ ላይ የቫኪዩም መርፌው እስከ ታች ሳይደርስ ሲቆም «ፓምፑ ደክሟል» ይባላል። መለኪያው የሚያነበው ከውጭው አየር ግፊት ጋር አነጻጽሮ ነው። ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ከፍ ባለችው ደሴ የአየሩ ግፊት 0.75 ባር አካባቢ ነው፤ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ኮምቦልቻ 0.8 ያህል ነው። ፍጹም ፓምፕ እንኳ ደሴ ላይ መርፌውን ከዜሮ በታች 0.75 ባር ከሚለው አሳልፎ ሊያወርድ አይችልም። የሚያስተማምነው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ስቦ ቫልቮቹን ዘግቶ መርፌው ሲመለስ አለመታየቱ ነው።

«ጋዝ ከተሞላ ወዲያው ማስነሳት ይቻላል።»

መጀመሪያ የኮምፕሬሰሩን ፊት በእጅ አሥር ጊዜ ያህል ማዞር ያስፈልጋል፤ በሲሊንደሩ ውስጥ የተጠራቀመው ዘይት እንዲወጣ። የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው።

«ደሴ ብርድ ነው፤ ኤሲ ሳይከፈት ቢከርም ግድ የለም።»

በቺንጋ የሚሽከረከር ኮምፕሬሰር የዘንጉ ማሸጊያ ጋዝ የሚይዘው ዘይት ሲደርሰው ነው። ለወራት ካልተከፈተ ማሸጊያው ይደርቅና ጋዙ ቀስ በቀስ ይወጣል። ቆላ የማይወርድ መኪናም ቢሆን በሳምንት አንዴ ለአሥር ደቂቃ ያህል ኤሲው ይከፈትለት። ከማሞቂያው ጋር አንድ ላይ ቢከፈት ደግሞ አየሩን ስለሚያደርቅ በጉም ጊዜ የውስጠኛውን መስታወት ቶሎ ያጠራል።