የሐና እንባና የእንቁላል ዋጋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

የተወደዳችሁ፣ እንኳን ለእመቤታችን ልደት በሰላም አደረሳችሁ። ግንቦት 1 ንፍሮው ተቀቅሎ፣ ቡናው ደጅ ወጥቶ፣ የደሴ መንደር ሁሉ "ማርያም ማርያም" ሲል ነው የዋለው። የኢያቄምና የሐናንም ታሪክ ሰምተናል። ልጅ አጥተው ኖረው፣ ወፎች ከጫጩቶቻቸው ጋር ሲጫወቱ አይተው ያለቀሱትን ባልና ሚስት። እኛም አብረን አለቀስን፣ እልል አልን፣ ወደ ቤታችን ገባን። በነጋታው በማኅበራችን ቴሌግራም ላይ አንድ ጥያቄ መጣ፤ እዚያ ላይ ግን ሌላ ሰው ሆነን ተገኘን።

የጠየቀችው የእኛው ልጅ ናት፣ አሜሪካ ነው የምትማረው። የትምህርት ክፍያው ከብዷታል። የዘር እንቁላሏን ልጅ ላጡ ሰዎች ብትሰጥ በሺህ የሚቆጠር ዶላር እንደሚከፈላት ማስታወቂያ አይታ፣ "ይሄ ነገር ኃጢአት ነው ወይ?" አለች። በቃ ይኸው ነው። መልሱን ግን ብታዩት! አንዱ "ልጅሽን ልትሸጪ ነዋ" አላት። አንዱ የሳቅ ምልክት ደርድሮ "ለወንድማ ቀላል ነው፣ እኔንም መዝግቡኝ" አለ። ሌላዋ ደግሞ "እግዚአብሔር የዘጋውን ማኅፀን ማን ክፈቱ አላቸው" ብላ ጻፈች። ይቺኛዋ የአራት ልጆች እናት ናት። ትንሽ ቆይቶ አንዲት እኅት ምንም ሳትል ከግሩፑ ወጣች። ካገባች ዓመታት ያለፏት፣ በየጠበሉ የተንከራተተች እኅት ናት። ማንም ለምን ወጣች ብሎ አልጠየቀም።

እስኪ ዛሬ ማታ 1ኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 1ን አውጥታችሁ የሌላዋን ሐና፣ የነቢዩ ሳሙኤልን እናት ታሪክ አንብቡት። እኔን በዚህ ምዕራፍ የሚይዘኝ ስለቱ አይደለም፣ ገበታው ነው። ባሏ ሕልቃና መሥዋዕት ሠውቶ ለሌላዋ ሚስቱ ለፍናናና ለልጆቿ እያካፈለ ነው። በዓል ነው፣ ሥጋ አለ፣ ቤተሰቡ ተሰብስቧል። ሐና ግን እያለቀሰች አትበላም። ጣውንቷ ታበሳጫታለች። መቼ መሰላችሁ? በየዓመቱ ወደ እግዚአብሔር ቤት በወጡ ቁጥር። ሐናን የሚያስለቅሳት ዓመት በዓሉ ነው ማለት ነው። የእኛስ? ስንቷ ናት ለመስከረም 21 አምባሰልን በእግሯ ወጥታ ግሸን ደርሳ፣ ስትመለስ "ዘንድሮም ምንም የለም?" ተብላ ሆዷ በዓይን የሚለካባት?

ባሏ "እኔስ ከአሥር ልጆች አልሻልልሽምን?" አላት። ይህችን ቃል እወዳታለሁ። የደግ ባል ቃል ናት፤ ስንቱ ወንድ በዚህ ጉዳይ ሚስቱን ወደ እናቷ ቤት መልሷል። ሐና ግን መልስ አልሰጠችውም። ተነሥታ ወደ እግዚአብሔር ሄደች። እዚያ ደግሞ ካህኑ ዔሊ ተቀምጧል። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅዋ አይሰማም፤ ሰክራለች ብሎ ገመተ። "ስካርሽ እስከ መቼ ነው?" አላት። ካህን ነው እኮ! ጸሎትንና ስካርን ይለያል የተባለ ሰው። ዔሊ ግን ሲነግሩት ይሰማል። ልቧ ያዘነባት ሴት መሆኗን ስትነግረው ወዲያው ተመልሶ በሰላም ሂጂ ብሎ ባረካት። እኛ ከተሳደብን በኋላ መመለስ እንኳ አናውቅም።

ከዚያ የምትመጣዋን ቁጥር 18ን ልብ በሉልኝ። ሐና ሄዳ በላች፣ ፊቷም ከዚያ ወዲያ አዘንተኛ መስሎ አልታየም ይላል። ገና ሳትፀንስ ነው! ሳሙኤል የለም፣ ተስፋ ብቻ ነው ያለው። እንባዋ የታበሰው ልጅ ስለታቀፈች ሳይሆን የሚሰማት ስላገኘች ነው። ልጅ ላጣችሁ እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ ይህች ቁጥር የእናንተ ናት። ከሰው መሆናችሁ የሚጎድል ምንም የለም። በእግዚአብሔር ፊት ግማሽ ሰው አይደላችሁም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። የወንዱ ነገር ቀላል ነው፤ ዘሩ ተወስዶ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ የናይትሮጅን ፈሳሽ ውስጥ ይቀመጣል። የሴቷ ግን ሌላ ነው። ለ10 ቀን፣ ለ2 ሳምንት ያህል የሆርሞን መርፌ ትወጋለች፣ በወር አንድ እንቁላል የሚያበስለው አካሏ በአንዴ ብዙ እንዲያበስል ይደረጋል፣ ደም ምርመራው አለ፣ አልትራሳውንዱ አለ፣ በመጨረሻም ማደንዘዣ ተሰጥቷት እንቁላሉ በመርፌ ይወሰዳል። አንዳንዷ ሆዷ ውኃ ይቋጥራል፣ ሲከፋም ሆስፒታል ያስተኛል። ስለዚህ "በነፃ ትስጥ" የሚለኝ ሰው ካለ አልስማማም። ለባከነ ቀን፣ ለመጓጓዣ፣ ለሕመም መካስ ፍትሕ ነው። ካናዳ በ2004 እ.ኤ.አ. ባወጣችው ሕግ እንቁላልና ዘር መግዛትን ከልክላ ወጪ መተካትን ፈቅዳለች። እንግሊዝም ለአንድ ዙር 1,000 ፓውንድ የማይሞላ ካሣ ወስናለች። አሜሪካ ግን ገበያው ነው የሚወስነው። የሐኪሞቹ ማኅበር ከ10,000 ዶላር በላይ መክፈል ተገቢ አይደለም ብሎ ነበር፤ እንቁላል የሰጡ ሴቶች "ዋጋችንን አፈናችሁት" ብለው ከሰሱት፣ በ2016 እ.ኤ.አ. ቁጥሩ ከመመሪያው ወጣ።

ገበያ ከሆነ ደግሞ መመረጥ ይመጣል። ማስታወቂያው ቁመት ይጠይቃል፣ የትምህርት ውጤት ይጠይቃል፣ ባቲ ሰኞ ገበያ በሬ ሲገዛ ጥርሱ እንደሚታየው። ክፍያው ለድካም ቢሆን ኖሮ የረጅሟና የአጭሯ ድካም አንድ ነበር፤ መርፌው ያው መርፌ ነው። ለአንዷ የተለየ ዋጋ ከተለጠፈ የተከፈለው ለሚወለደው ልጅ ዓይነት ነው። ይህን ነው ነፍሴ የማትቀበለው። ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች "በዋጋ ተገዝታችኋልና፤ ስለዚህ በሥጋችሁ እግዚአብሔርን አክብሩ" ብሏል። የተከፈለልን ደም ነው።

ልጁስ? በአንድ የኔዘርላንድ ሰው ዘር ቢያንስ 550 ልጆች ተወልደው በ2023 እ.ኤ.አ. የአገሩ ፍርድ ቤት በቃህ ብሎታል። እኅትና ወንድም ሳይተዋወቁ ቢጋቡስ? አባ ጋራ ሄደን ዘር የምንቆጥር፣ ለጋብቻ ሰባት ቤት የምንቆጥር ሕዝቦች ነን እኮ። እንግሊዝ ከሚያዝያ 2005 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልጁ 18 ሲሞላው የሰጪውን ማንነት እንዲያውቅ ያደረገችው ልጆቹ ስለጠየቁ ነው፣ "ማን ነኝ" ብለው። አብርሃምና ሣራም በሦስተኛ ሰው ልጅ ፈልገው ነበር፤ አጋርን ፈቃድሽ ነወይ ያላት የለም፣ መጨረሻውም ምድረ በዳ ሆነ። የብላቴናውን ድምፅ የሰማ እግዚአብሔር ነው።

እና እኅቴ፣ ከጠየቅሽኝ አታድርጊው እልሻለሁ። ሁለቱ አንድ ሥጋ ይሆናሉ በተባለው ጋብቻ መካከል በዶላር አትግቢ። የሚያስፈርምሽ ችግርሽ እንደሆነ ግን አውቃለሁ። ማኅበርተኞች፣ እናንተን ደግሞ ልጠይቃችሁ፦ ያን ሁሉ ስትሳለቁ "ስንት ነው የጎደለሽ?" ያላት አንድ ሰው አለ? ለጉዞ ቲሸርት ለማሳተም ብር ስናዋጣ ማን ይቀድመናል!

ሕክምና ኃጢአት ነው አላልኩም። ዘሩም እንቁላሉም የባልና የሚስት የራሳቸው ሆኖ ሐኪም ቢያግዛቸው ምን ነውር አለው፤ አዲስ አበባ ቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል እንኳ በ2011 ዓ.ም. ልጅ ላጡ ሰዎች የሕክምና ማዕከል ከፍቷል። በሕክምናው ከማኅፀን ውጭ ተፀንሶ የተረፈው ፅንስ በረዶ ውስጥ ይቀመጥ ይጣል የሚለው ከባድ ነው፣ እሱን ሳትጀምሩ ከንስሐ አባታችሁ ጋር ተማከሩ። ወሎ ነንና ይህንንም ልበል፣ ሙስሊም ጎረቤቶቻችን ጋ ያለው ትምህርት ከዚህ አይርቅም፤ ግብፅ ካለው የእስልምና ትምህርት ማዕከል ከአል አዝሃር በ1980 እ.ኤ.አ. የወጣው ፈትዋ (የሃይማኖት ብያኔ) ሕክምናውን ለባልና ሚስት ፈቅዶ የሦስተኛ ሰው ዘር እንዳይገባ ከልክሏል።

ጉዲፈቻ ደግሞ ከአገራችን ምድር የበቀለ ነው። ስንቱ ወሎዬ ያልወለደውን ልጅ አሳድጎ ድሯል። ዛሬ በፍርድ ቤት ይጸድቃል፣ ወረዳ ሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ሄዳችሁ ጠይቁ። ግን ልጁን "የማደጎ ነው" እያልን በጆሮው የምናንሾካሹክ ከሆነ ማን ይደፍራል?

በገንዘብ በተገኘ ዘር የተወለደ ሕፃንም ወደ እኛ ይመጣል፤ ምናልባት አሁንም መጥቷል። ወንድ ከሆነ በ40፣ ሴት ከሆነች በ80 ቀን ታቅፈው ለክርስትና ሲመጡ ማንን ይመስላል ብላችሁ ፊቱን አትመርምሩ። ልጁ ምንም አላጠፋም። ካህናት አባቶቼ፣ ወላጆቹ በንስሐ የነገሯችሁ ካለ በእናንተ ይቅር፤ ሕፃኑን አጥምቁት፣ ክርስትና አባትም ከጠፋ እኔ እቆማለሁ።