ፓይተን ሜሞሪ ሲያልቅበት

ሜሞሪኤረር፣ አንድ የፓይተን ፕሮግራም የጠየቀውን ሜሞሪ ሲከለከል የሚነሳ ስህተት ነው። አያያዙ የፓይተንን ኮድ ከሚያስኬደው ኢንተርፕሪተር ወደ ኢንተርፕሪተር ስለሚለያይ እዚህ የሚታየው በሲ ቋንቋ የተጻፈውና ብዙው ሰው የሚሠራበት ሲፓይተን ነው።

ሜሞሪ የሚጠየቅበት የሲ ፈንክሽን፣ ማሎክ፣ ቦታ ካጣ ኑል (ባዶ አድራሻ) ይመልሳል፤ ከዚያ ሌላ ትንፍሽ አይልም። ስለዚህ በሲፓይተን ኮድ ውስጥ ሜሞሪ የሚጠይቅ መስመር ሁሉ መልሱን መፈተሽ ይኖርበታል። ኑል ከመጣ ስህተቱ ይመዘገባል፣ ፈንክሽኑም መክሸፉን ለጠራው ነግሮ ይመለሳል። አንዷ ፍተሻ ከተዘነጋች የሚመጣው ሜሞሪኤረር ሳይሆን የኢንተርፕሪተሩ መውደቅ ነው። ሊስት ሲያድግ ይህ ጥንቃቄ በደንብ ይታያል፦ አፔንድ ሲደረግ (አዲስ ነገር ሲጨመርበት) ሰፋ ያለ ቦታ ይጠየቃል፤ ከተከለከለ ነባሩ ሊስት አንድም ነገር ሳይጎድልበት ይቆያል።

ችግሩ፣ ስህተቱ ራሱ ኦብጀክት ነው፤ ኦብጀክት ለመፍጠር ደግሞ ሜሞሪ ያስፈልጋል። በመሆኑም ሲፓይተን ገና ሲነሳ ጥቂት የሜሞሪኤረር ኦብጀክቶችን ለክፉ ቀን ሠርቶ ያስቀምጣል። ስህተቱን የሚይዘው የተጠቃሚ ኮድ ግን እንዲህ ያለ ስንቅ የለውም። የሎግ መልዕክት ለማዘጋጀት እንኳ ስትሪንግ ያስፈልጋል፤ እሱም ሊከለከል ይችላል።

ሊኑክስ ላይ ደግሞ ይህ ሁሉ ዝግጅት ብዙ ጊዜ ተራ አይደርሰውም። ከርነሉ (የሲስተሙ እምብርት) በተለመደው አሠራሩ ካለው ራም በላይ ይፈቅዳል፤ ጉዱ የሚወጣው የተፈቀደው ቦታ በእርግጥ ሲጻፍበት ነው። ራሙ ሲሟጠጥ አንዱን ፕሮሰስ (እየሠራ ያለ ፕሮግራም) መርጦ በሲግናል 9፣ ፕሮግራሙ ሊይዘው በማይችለው የመግደያ ትዕዛዝ፣ ይገድለዋል። ስህተት የሚያዝባቸው ትራይና ኤክሴፕት እዚህ ዋጋ የላቸውም። ኮንቴይነር (ፕሮግራም ከሌሎች ተነጥሎ የሚሠራበት ከባቢ) ውስጥ ከሆነ የሚገኘው ምልክት 137 የሚል የመውጫ ቁጥር ነው፤ 128 ሲደመር 9።

ሜሞሪኤረር በግልጽ የሚታየው በዩሊሚት (የፕሮሰስን ሜሞሪ በሚወስነው ትዕዛዝ) ገደብ ሲጣል ወይም በአንድ ጊዜ የማይቻል ነገር ሲጠየቅ ነው። በ64 ቢት ማሽን [0] * 10**15 ቢባል 8 ፔታባይት ስለሚፈልግ ወዲያው ይከለከላል፤ ፕሮግራሙ ግን ምንም አይሆንም። ስህተቱን መያዝ የሚያዋጣውም በእንዲህ ዓይነቱ አንድ ትልቅ ጥያቄ ዙሪያ ነው። መላውን ፕሮግራም በኤክሴፕት መጠቅለል ከንቱ ድካም ነው።

የጎ ቋንቋ በዚህ ጉዳይ አይደራደርም፦ ሜሞሪ ካለቀ ፕሮግራሙ ይቆማል፣ ከስህተት መመለሻ በሆነው በሪከቨርም አይመለስም። የሩስት ቋንቋ መደበኛ ቬክተርም (እንደ ፓይተን ሊስት የሚያድገው) እንደዚያው ያቆማል፤ ክልከላውን በስህተት መልክ መቀበል ለሚፈልግ ግን ከ2021 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ትራይ ሪዘርቭ የሚባል ፈንክሽን አለለት።