የኤሌክትሪክ መፈተሻ መሣሪያዎች በአውሮፕላን ጥገና፤ ከጣና ዳር ሲታይ

የባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ ከጣና ሐይቅ በስተደቡብ፣ ከከተማዋ ወደ ምዕራብ ወጣ ብሎ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ይገኛል። በደጃዝማች በላይ ዘለቀ ስም ይጠራል። ከአዲስ አበባ አንድ ሰዓት ያህል በሚፈጀው በረራ ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው400 እና ጄቱ ቦይንግ 737 ይመላለሳሉ። አውሮፕላን ተፈታትቶ የሚታይበት ከባድ ጥገና የሚሠራው ቦሌ ባሉት ሃንጋሮች ነው። እንዲህ ባሉ ጣቢያዎች ያለው ሥራ የመስመር ጥገና ይባላል፤ በሁለት በረራ መካከል አውሮፕላኑን ዞሮ ማየት፣ ብልሽት ካለ መንስኤውን መፈለግ፣ የተበላሸውን ዕቃ መቀየርና በመዝገብ ላይ ፈርሞ መልቀቅ። ጊዜው አጭር ነው። በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ ቴክኒሺያኑ በእጁ የያዘው መፈተሻ የሚናገረውን በትክክል መረዳት አለበት።

ሐይቁ ለአውሮፕላን ሁለት ነገር ያመጣል፤ ወፍና እርጥበት። የወፉን አደጋ ከተማዋ በሐዘን ታውቀዋለች። መስከረም 5 ቀን 1981 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ገና መሬት ሲለቅ የርግብ መንጋ ሁለቱም ሞተሮቹ ውስጥ ገባ፤ አውሮፕላኑ በግድ ሜዳ ላይ ሲያርፍ ተሳፍረው ከነበሩት 104 ሰዎች 35ቱ ሕይወታቸው አለፈ። እርጥበት ግን ድምፅ የለውም። ክረምቱን ሙሉ በኮኔክተር (የሽቦ መጋጠሚያ) ፒን ላይ፣ በሽቦ ልባስ ስንጥቅ ውስጥ፣ አካልን ከአካል በሚያያይዝ ብሎን ሥር ቀስ እያለ ይሠራል። የሚገኘውም በመለካት ብቻ ነው።

የአውሮፕላን መብራት

በባሕር ዳር ቤቶች ያለው መብራት 220 ቮልት ሲሆን በሰከንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። አውሮፕላን ውስጥ ያለው ሌላ ነው። አንደኛው 28 ቮልት ቀጥተኛ ኃይል ነው። ሁለተኛው 115 ቮልት ተለዋዋጭ ኃይል ነው፤ እንደ 737 ባሉት አውሮፕላኖች በሰከንድ 400 ጊዜ ይመላለሳል። 400 ኸርዝ የተመረጠው ለክብደት ሲባል ነው፤ ድግግሞሹ ከፍ ሲል የትራንስፎርመርና የሞተር ብረት ያንሳል፣ ኪሎም ይቀንሳል። በኪው400 ላይ ደግሞ የተለዋዋጩ ኃይል ድግግሞሽ አንድ ቦታ አይቆምም፤ ከጄነሬተሩ ሽክርክሪት ጋር ከፍ ዝቅ ይላል።

ይህ ልዩነት መፈተሻ ሲመረጥ ቶሎ ይታያል። ከገበያ የተገዛና ለ50 ኸርዝ ብቻ የተሠራ ርካሽ መሣሪያ በ400 ኸርዝ ላይ የሚያሳየው ቁጥር አይታመንም። ለዚህ ሥራ የሚያዘው መልቲሜትር እስከ ስንት ኸርዝ ድረስ በትክክል እንደሚያነብ በመመሪያው የተጻፈለት፣ የተዛባ ሞገድንም ሳይሳሳት የሚለካ መሆን አለበት። አውሮፕላኑ መሬት ላይ ቆሞ ከውጭ ኃይል ሲሰጠውም እንዲሁ ነው። ከመሬት ኃይል ሰጪው ማሽን ገመድ ከመሰካቱ በፊት ቮልቱ፣ ድግግሞሹና የሦስቱ ፌዝ (ተለዋዋጩ ኃይል የሚመጣባቸው ሦስት መስመሮች) ቅደም ተከተል ትክክል መሆን አለባቸው፤ ካልሆኑ አውሮፕላኑ በራሱ መከላከያ ኃይሉን አልቀበልም ይላል።

መልቲሜትር፤ እውነት እየተናገረ ሲያሳስት

በየወርክሾፑ «ቴስተር» የሚባለው መልቲሜትር ከሁሉም በላይ እጅ የማይለየው መሣሪያ ነው። ቮልት፣ ኦም (የተቃውሞ መለኪያ) እና አነስተኛ አምፔር ይለካል፤ ሽቦ ተበጥሶ እንደሆነም በድምፅ ይናገራል። ብዙ የጥገና ስሕተት የሚጀምረውም ከእሱ ነው። መሣሪያው አይዋሽም፤ ግን የተጠየቀውን ብቻ ይመልሳል።

አንድ የማረፊያ መብራት አልበራ አለ እንበል። ቴክኒሺያኑ የመብራቱን ኮኔክተር ነቅሎ ሲለካ 28 ቮልት አገኘ። «ኃይል ደርሷል፤ አምፖሉ ነው የተቃጠለው» ብሎ አምፖል ቀየረ። አዲሱም አልበራም። ምክንያቱ በስሌት ግልጽ ነው። ዘመናዊ መልቲሜትር ቮልት ሲለካ የራሱ የውስጥ ተቃውሞ 10 ሚሊዮን ኦም ያህል ነው፤ ከ28 ቮልት የሚስበው የአምፔር ሦስት ሚሊዮንኛ እንኳ አይሞላም። በመንገዱ ላይ አረንጓዴ ዝገት የበላው ፒን 10,000 ኦም ተቃውሞ ቢፈጥር በዚያ ላይ የሚጠፋው ከቮልት ሦስት መቶኛ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ በመሣሪያው የቁጥር መስኮት ላይ 27.97 ይታያል። በዚያው ፒን በኩል ሊያልፍ የሚችለው ከፍተኛው ኃይል ግን 2.8 ሚሊአምፔር ብቻ ነው። ብዙ አምፔር የሚፈልግ መብራት ከዚያ ምን ያገኛል?

ስለዚህ ጥሩ ባለሙያ ቮልትን የሚለካው ጭነቱ፣ ማለትም ኃይሉን የሚጠቀመው ዕቃ፣ እንደተሰካ፣ ሥራ ላይ እያለ ነው። ኃይሉ ከተነሣበት እስከ ደረሰበት በየመገናኛው መሐል ስንት ቮልት እንደጠፋ ሲለካ ዝገቱ ያለበት ቦታ ራሱን ያጋልጣል። በእኔ እምነት ለጀማሪ ከሁሉም በፊት ሊሰጥ የሚገባው ትምህርት ይህ ነው። ኦም መለካትን ብቻ የተማረ ሰው ጭነት የሌለበትን ሽቦ ለክቶ ደኅና ነው ይላል፤ ከሃያ ክሮቹ አሥራ ዘጠኙ የተበጠሱ ሽቦም በአንዲት ክር ቴስተሩን ያስጮኸዋል።

ተቃራኒውም ያጋጥማል። በአንድ ጥቅል አብረው ከሚሄዱ ሽቦዎች አንዱ ተበጥሶ ቢቀር፣ ከጎኑ ካለው 115 ቮልት የተነሣ መልቲሜትሩ በሞተው ሽቦ ላይ አሥር ሃያ ቮልት ሊያነብ ይችላል። ኃይል የለውም፤ ትንሽ ጭነት ሲነካው ይጠፋል። ይህን የማያውቅ ሰው የሌለ ብልሽት ሲያባርር ይውላል።

ሌላው ጉዳይ የፕሮቡ፣ ማለትም የመልቲሜትሩ መንኪያ ዘንግ፣ ጫፍ ነው። የአውሮፕላን ኮኔክተር ቀዳዳዎች እጅግ ጠባብ ናቸው። የመልቲሜትር ወፍራም ጫፍ በግድ ሲገባባቸው መንጋጋቸው ይከፈታል፤ ከዚያ በኋላ ፒኑ ሲሰካ ይላላል። ያ መስመር መሬት ላይ ይሠራል፣ በበረራ ንዝረት ይቋረጣል፤ ተመልሶ ሲመጣ ደኅና ሆኖ ይገኛል። ብልሽት ፈላጊው ራሱ ብልሽት ተከለ ማለት ነው። መድኃኒቱ ለዚያ ኮኔክተር የተሠራ ልኩን የጠበቀ ፒን በፕሮቡ ጫፍ ላይ ማድረግ ነው፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ የሚያድነው ግን ብዙ ነው።

ሜገር፤ የጣና ማለዳም ይለካል

የሽቦ ልባስ ጤንነት በመልቲሜትር አይታወቅም። ሜገር የሚባለው መሣሪያ በብዛት 500 ቮልት፣ አንዳንዴም ከዚያ ያነሰ ልኮ በልባሱ በኩል የሚያመልጠውን ኃይል ያያል፤ ውጤቱን በሚሊዮን ኦም ይናገራል። በሥራው ላይ የማይታለፉ ነገሮች አሉ። በመስመሩ ጫፍ ያሉ ኮምፒውተሮችና ሌሎች ኤሌክትሮኒክስ ዕቃዎች አስቀድመው መነቀል አለባቸው፤ 28 ቮልት የለመደ ዕቃ 500 ቮልት ሲቀበል ይሞታል። ልኬቱ ካለቀ በኋላ ሽቦው ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል መፍሰስ አለበት፤ አለዚያ ቀጥሎ የሚነካውን ሰው ይመታዋል።

ሜገር ከመሣሪያዎች ሁሉ ይበልጥ የአየሩን ጠባይ የሚያነብ ነው። በክረምት ማለዳ፣ ከሐይቁ የተነሣው ጉም ገና ሳይገፈፍ፣ በኮኔክተር ፊት ላይ ያለው ስስ የውሃ ንጣፍ ራሱ ኃይል ያሾልካል፤ ያው ሽቦ ማለዳ የሚሰጠው ንባብ ፀሐይ ከሞቀ በኋላ ከሚሰጠው እጅግ ያነሰ ሊሆን ይችላል። ሙቀትም ወደ ሌላ ይጎትታል፤ የልባስ ተቃውሞ ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር በግምት በግማሽ ይወርዳል። ስለዚህ ቁጥሩ ብቻ ተጽፎ ሰዓቱ፣ ሙቀቱና የአየሩ ሁኔታ ካልተጻፈ፣ ከዓመት በኋላ የሚያነበው ሰው ልባሱ እያረጀ መሆኑንና ጉም የነበረበት ጠዋት መሆኑን መለየት አይችልም።

እርጥበቱ ከንባብ ያለፈ አደጋም አለው። ከ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ በብዙ አውሮፕላኖች የገባው ካፕቶን የተባለ ቀጭን የሽቦ ልባስ ቀላልና ሙቀት ቻይ ነው። ነገር ግን ተሰንጥቆ ሲረጥብ ትናንሽ ብልጭታዎች ልባሱን ወደ ከሰል ይለውጡታል፤ ከሰሉም ራሱ ኃይል አስተላላፊ ሆኖ እሳቱን በሽቦው ርዝመት ይመራዋል።

የብረቱ ትስስርና የሽቦው ገደል ማሚቶ

የአውሮፕላን አካል ራሱ የኃይሉ መመለሻ መንገድ ነው፤ መብረቅ ሲመታም ኃይሉ የሚያልፈው በእሱ ነው። ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ በሚበዛበት የጣና ክረምት ይህ ቀላል ነገር አይደለም። አካል ከአካል የተያያዘበት ቦታ ተቃውሞ በሺኛ ኦም ደረጃ መሆን ስላለበት ለዚሁ የተሠራ ሚሊኦም ሜትር ያስፈልጋል። መሣሪያው አራት ገመድ አለው፤ ሁለቱ ኃይል ይልካሉ፣ ሁለቱ ቮልቱን ብቻ ያነባሉ፤ በዚህ መንገድ የገመዶቹ የራሳቸው ተቃውሞ ከስሌቱ ይወጣል። ተራ መልቲሜትር ሁለቱ ጫፎቹ ሲነካኩ እንኳ የኦም አሥረኛዎችን ስለሚያሳይ እዚህ ጥቅም የለውም።

ሽቦው መበጠሱ ታውቆ የት ጋ እንደተበጠሰ ሳይታወቅ ሲቀር ሌላ መሣሪያ ይመጣል። ገደል ፊት ቆሞ የተጣራ ሰው ማሚቶው እስኪመለስ የወሰደውን ጊዜ ቆጥሮ ርቀቱን ይገምታል፤ ይህም መሣሪያ አጭር የኤሌክትሪክ ምት ልኮ ከተበጠሰው ጫፍ ተመልሶ እስኪመጣ ይጠብቃል። ምቱ በብዙ ዓይነት ኬብል ውስጥ በሰከንድ ሚሊዮንኛ 200 ሜትር ያህል ይሄዳል፤ ስለዚህ የመሣሪያው ሰዓት እጅግ ረቂቅ ነው። በቦይንግ 747-400 ውስጥ 270 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቦ እንዳለ ለሚያስብ ሰው ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የጣናን ርዝመት ከሦስት ጊዜ በላይ የሚያዳርስ ሽቦ ነው።

ሽቦ የገደላቸው

ሐምሌ 10 ቀን 1988 ዓ.ም. ከኒውዮርክ የተነሣው የአሜሪካው አየር መንገድ የቲ.ደብሊው.ኤ. በረራ 800 አየር ላይ ፈንድቶ 230 ሰዎች ሞቱ። የፈነዳው የመሐል ነዳጅ ታንክ ነው፤ መርማሪዎቹ ይበልጥ ሊሆን ይችላል ያሉት መነሻ ከታንኩ ውጭ የተፈጠረ ሾርት በነዳጅ መጠን መለኪያው ሽቦ በኩል ከፍተኛ ቮልት ወደ ውስጥ ማስገባቱ ነበር። ነሐሴ 27 ቀን 1990 ዓ.ም. የስዊስኤር በረራ 111 ካናዳ ባሕር ዳርቻ ሲወድቅ 229 ሰዎች አለቁ፤ እሳቱ የጀመረው ከአብራሪዎቹ ክፍል ጣሪያ በላይ ነበር፣ የሽቦ ብልጭታም እንዳስነሣው ታምኖበታል። ከእነዚህ በኋላ የአሜሪካ ፌዴራል አቪዬሽን አስተዳደር በ2000 ዓ.ም. ባወጣው ደንብ ሽቦ እንደ ሞተርና እንደ ክንፍ ራሱን የቻለ ሥርዓት ሆኖ እንዲመረመር ተደረገ።

ለእኛ የሚቀርበው ሐምሌ 5 ቀን 2005 ዓ.ም. የሆነው ነው። ለንደን ሂትሮው ላይ ሰው ሳይኖርበት ቆሞ የነበረ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦይንግ 787 ከጣሪያው ኋላ በኩል ተቃጠለ። የእንግሊዝ መርማሪዎች ምክንያቱን ያገኙት የአደጋ ጊዜ ምልክት በሚልክ ትንሽ መሣሪያ ውስጥ ነው፤ የባትሪው ሁለት ሽቦዎች በክዳኑ ሥር ተጣብቀውና ተጨፍልቀው ሾርት ፈጥረው ነበር። ሰው አልተጎዳም። ዕቃው ዝግ ሆኖ ከፋብሪካ የመጣ በመሆኑ በየጣቢያው ያለ መልቲሜትር ሊደርስበት አይችልም ነበር።

እንደ በረራ 800 ያለ ፍንዳታ እንዳይደገም፣ በነዳጅ ታንክ አካባቢ የሚገባው መፈተሻ የአውሮፕላኑ መመሪያ በስም የፈቀደው ብቻ ነው፤ ወደ ታንኩ የሚልከው ኃይል በአሠራሩ የተገደበ ነው። ሜገር እዚያ አይቀርብም።

ከፍታና ካሊብሬሽን

ብዙ ሰው የማያነበው አንድ መስመር በመልቲሜትር መመሪያ ውስጥ አለ። በመሣሪያው ላይ «ካት 3፣ 600 ቮልት» እየተባለ የሚጻፈው የደኅንነት ደረጃ አብዛኛውን ጊዜ የሚሠራው እስከ 2,000 ሜትር ከፍታ ነው፤ አየር ሲሳሳ ብልጭታ በቀላሉ ክፍተት ይዘላልና። ባሕር ዳር ከዚህ በታች ናት፤ ጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ ጫፉ ላይ ነው፤ ቦሌ ግን ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ባሕር ዳር ላይ በደረጃው ውስጥ የነበረ መሣሪያ ቦሌ ሲደርስ ከደረጃው ወጣ ማለት ነው። ለ28 ቮልት ይህ ችግር አይሆንም፤ 380 ቮልት የሚገባባቸውን የመሬት ማሽኖች ለሚፈትሽ ሰው ግን ከፍ ያለ ደረጃ ያለው መሣሪያ መያዝ ተገቢ ነው።

ካሊብሬሽን በአጭሩ፤ እያንዳንዱ መፈተሻ ብዙውን ጊዜ በዓመት አንዴ ከታወቀ መለኪያ ጋር ተመሳክሮ ቀኑ የተጻፈበት ምልክት ይለጠፍበታል። ቀኑ ያለፈበት መሣሪያ ደኅና ቢመስልም አይነካም። መሣሪያው ለምርመራ ሲሄድ ከልኩ ወጥቶ ቢገኝ፣ ካለፈው ምርመራ ወዲህ በእሱ የተለካው ሥራ ሁሉ እንደገና ይታያል። ስለዚህ የመሣሪያው ቁጥር ከሥራው ጋር በመዝገብ መጻፉ ለወግ አይደለም።

በወርክሾፕ ማየት

ባሕር ዳር የኤሌክትሪክ ትምህርት የቆየባት ከተማ ናት። በሶቪየት ኅብረት ድጋፍ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው ፖሊቴክኒክ ዛሬ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ሆኗል። በአውሮፕላን ላይ ለመሥራት የተለየ ሥልጠናና ፈቃድ ያስፈልጋል፤ የመለካት ልማድ ግን በማንኛውም ወርክሾፕ ሊጀመር ይችላል። 24 ቮልት የሚሠራ የአይሱዙ ባትሪና አምፖል፣ አንድ የ10,000 ኦም ሬዚስተር፣ አንድ ቴስተር ይበቃሉ። ሬዚስተሩን በሽቦው መሐል አስገብተው አምፖሉ ሳይሰካ በአምፖሉ መሰኪያ ሁለት ጫፎች ላይ ይለኩ፤ 24 ቮልት ያህል ይነበባል። ከዚያ አምፖሉን ይሰኩና ፕሮቦቹን ሳያነሡ መስኮቱን ይመልከቱ፤ ቁጥሩ ወደ ዜሮ ይወርዳል፣ አምፖሉም አይበራም።