የጠመንጃ ስኮፕ (ማነጣጠሪያ መነጽር) ላይ ያለው 3-9x40 ምን ማለት ነው?

ጥያቄው በየጊዜው ስለሚመለስ አንዴ ልጻፈው። ብዙ ሰው 40ን አይቶ «40 እጥፍ ያጎላል» ይላል። አያጎላም!

3-9 ማለት ቀለበቱን እያዞራችሁ ከ3 እስከ 9 እጥፍ ማጉላት ትችላላችሁ ማለት ነው። 9 ላይ ስታደርጉት፣ 90 ሜትር ላይ የቆመ አጋዘን በባዶ ዓይን 10 ሜትር ላይ ያለ ያህል ይታያችኋል። 40 ደግሞ የፊተኛው ሌንስ ስፋት ነው፣ በሚሊሜትር።

ሁለቱን የሚያገናኛቸው ብርሃን ነው። 40ን ለማጉያው ቁጥር አካፍሉት፤ ከስኮፑ ወጥቶ ወደ ዓይናችሁ የሚመጣው የብርሃን ክብ ስፋት ይወጣል። 9 ላይ 4.4 ሚሊሜትር፣ 5 ላይ ግን 8 ነው። አጋዘን የሚወጣው ጎህ ሲቀድና ሲመሻሽ ነው፤ በዚያ ሰዓት የወጣት ሰው የዓይን ብሌን እስከ 7 ሚሊሜትር ሊሰፋ ይችላል፤ ክቡ ከብሌናችሁ ከጠበበ ምስሉ ይጨልማል። ስለዚህ ምስሉ ከጨለመባችሁ ስኮፑን ከመርገማችሁ በፊት ማጉያውን ወደ 5 ወይም 6 ዝቅ አድርጉት።

ሒሳቡ ለሁሉም አንድ ነው። የሚለያየው የሌንሱ ጥራትና የእናንተ ዓይን ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ ብሌን እንደ ድሮው አይሰፋም። ብርሃን በደንብ እንዲያሳልፍ ጥሩ ሽፋን የተቀባ 40 ሌንስ ርካሹን 50 ሊያስንቅ ይችላል።

ለሩቅ ዒላማ 5-25x56 የሚገዙ አሉ። 25 ላይ ክቡ 2.2 ሚሊሜትር ብቻ ነው፣ ግን በጠራራ ፀሐይ ብሌናችሁም ስለሚጠብ ችግር የለውም። ጥቅጥቅ ያለ ጫካ ውስጥ 25 ላይ አድርጎ የሚያነጣጥር ሰው ግን አጋዘኑን ሳይሆን ቅጠል ሲያይ ይመሽበታል።