የኳርተርባክ ሸርተቴ ምንድን ነው?

በእኛ እግር ኳስ ሸርተቴ የተከላካይ መሣሪያ ነው፤ ኳስ ሊነጥቅ መሬት ለመሬት ተንሸራቶ ይገባል። በአሜሪካ ፉትቦል ግን የሚንሸራተተው ኳሱን የያዘው ሰው ነው፤ ዓላማውም ማጥቃት ሳይሆን «በቃኝ» ማለት።

ኳርተርባክ የማጥቃቱ መሪ ነው፤ ዋና ሥራው ኳስ መወርወር ነው። የሚያቀብለው ሲያጣ፣ ወይም ስልቱ ራሱ ሲያዝዘው፣ ኳሱን አቅፎ ይሮጣል። ቆሞ ሲወረውር ደንቡ አብዝቶ ይሳሳለታል። ሯጭ ከሆነ በኋላ ግን እንደ ማንኛውም ሯጭ ይመታል። መውጫው ሸርተቴ ነው፦ አንዱን እግር ከሥሩ አጥፎ፣ ሌላውን ወደፊት ዘርግቶ በጭኑ መሬት ላይ መቀመጥ። ያን ጊዜ ጨዋታው ይቆማል፤ ሊመታው የመጣውም መታቀብ አለበት፤ ካልታቀበ ቡድኑ 15 ያርድ (ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል) ይቀጣል።

ችግሩ ያለው ሒሳቡ ላይ ነው። ለቀጣዩ ሙከራ ኳሱ የሚቀመጠው መንሸራተት በጀመረበት ቦታ እንጂ ተንሸራቶ በደረሰበት አይደለም። ስለዚህ አንዲት እርምጃ ልጨምር የሚል ስስት ይመጣል። ያቺ እርምጃ ደግሞ ተከላካዩ ተወርውሮ አየር ላይ ያለባት ቅጽበት ልትሆን ትችላለች፤ ግጭቱ የማይቀር ከነበረ፣ ጭንቅላትና አንገት ካልተመታ በቀር፣ ዳኛው አይቀጣም።

እ.ኤ.አ. በ2012 ሁለት ጀማሪ ኳርተርባኮች ወደ ኤንኤፍኤል፣ ማለትም ወደ አሜሪካ ፉትቦል ዋናው ሊግ፣ ገቡ። ሮበርት ግሪፊን በኮሌጅ የመሰናክል ሯጭ ነበር፤ በዚያው ዓመት ለዋሽንግተን 815 ያርድ ሮጠ። የሲያትሉ ረስል ዊልሰን ደግሞ ቤዝቦል ተጫውቷል፤ በቤዝቦል መንሸራተት የዕለት ተዕለት ሥራ ነው። በታኅሣሥ ወር ግሪፊን ከባልቲሞር ጋር ሲጫወት፣ ሩጫው ሊያበቃ ሲል፣ ከ150 ኪሎ በላይ የሚመዝነው ሃሎቲ ንጋታ ቀኝ ጉልበቱን መታው። ከአራት ሳምንት በኋላ፣ ጥር 6 ቀን 2013፣ ሁለቱ ጀማሪዎች ብዙ ሀበሻ በሚኖርባት ሜሪላንድ ተገናኙ። ግሪፊን መሬት የወደቀ ኳስ ሊያነሳ ሲል ያው ጉልበት፣ ማንም ሳይነካው፣ ከዳው። ሲያትል 24 ለ 14 አሸነፈ። ዊልሰንም ብዙ የሮጠ ሰው ነው፤ በ2014 ብቻ 849 ያርድ። ሆኖም እስከ 2021 ድረስ በጉዳት አንድም ጨዋታ አላመለጠውም፤ በዚያ ዓመት ያስቀረውም ሲወረውር የተጎዳው ጣቱ ነው። በእኔ ግምት የኳርተርባክ አትሌትነት በፍጥነት ብቻ ሲለካ ግማሹ ይቀራል፤ በሙሉ ሩጫ ላይ ሆኖ ጉልበትን በጊዜው ማጠፍም ችሎታ ነው።

ሸርተቴ ዋስትና ነው ማለት ግን አይደለም። በታኅሣሥ 2024 የጃክሰንቪሉ ትሬቨር ሎውረንስ እየተንሸራተተ ሳለ የሂውስተኑ አዚዝ አል-ሻኢር በክንዱ መታው። ሎውረንስ አንጎሉ ተናውጦ በጋሪ ወጣ፤ አል-ሻኢር ሦስት ጨዋታ ታገደ።

ተከላካዮችም የሚያማርሩበት ምክንያት አላቸው። በታኅሣሥ 2021 የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲው ኬኒ ፒኬት ሊንሸራተት ጎንበስ አለ። ከዌክ ፎረስት በኩል ያሉት ደንቡን አክብረው ፍጥነታቸውን ቀነሱ። እርሱ ቀና ብሎ ሩጫውን ቀጠለ፤ 58 ያርድ ሮጦም ነጥብ አስቆጠረ። ሳምንት ሳይሞላ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበሩ ማስመሰልን ከለከለ፤ አሁን ሊንሸራተት ያስመሰለ ተጫዋች ጨዋታው እዚያው ይቆምበታል።